አሸዋውን ሳይረግጡ ለአሸዋ መክፈል
የዱባይ ባሕር ዳር ሆቴሎች ዋጋ ከዴራ በኩል ሲታይ

ዱባይን በዴራ በኩል የሚያውቃት የአዲስ አበባ ነጋዴ ብዙ ነው። የናይፍን መንገዶች፣ የወርቅ ገበያውን፣ የጅምላ ሱቆቹንና የካርጎ ቤቶቹን ማንም ሳይመራው ይዞራል። የጨርቅ ጥቅል፣ የስልክ ካርቶን ወይም የመኪና መለዋወጫ ዋጋ ቢጠየቅ ወዲያው ይናገራል። ይኸው ሰው ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ወደዚያችው ከተማ ሲነሳ ግን የሚገባበት ገበያ ሌላ ነው። ዕቃው አሸዋና ባሕር፣ ሻጩ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ሲሆን፣ ዋጋው የሚወጣበትና የሚወርድበት ምክንያትም ከጅምላ ሱቁ ጋር አይገናኝም።

በዚህ ገበያ መሳሳት ቀላል ኪሳራ አይደለም። የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ሒሳብ ከዶላር ጋር ታስሮ የቆየ ገንዘብ በመሆኑ፣ ዶላር በብር ላይ ባደገ ቁጥር የዱባይ ሆቴል ዋጋም በዚያው ልክ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በድርሃም ምንም ያልጨመረ ክፍል በብር ሲሰላ እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዕቃ ሲገዛ ሃምሳ ሳንቲም የሚከራከር ነጋዴ፣ ሆቴል ሲመርጥ ፎቶግራፍ አይቶ ብቻ የሚከፍልበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ኮከብ ሌላ፣ አሸዋ ሌላ

ብዙ ተጓዦች የሚጀምሩት ከኮከብ ቁጥር ነው። ኮከቡ የክፍሉን ስፋት፣ የመስተንግዶውን ደረጃ፣ የመዋኛ ገንዳውንና የምግብ ቤቶቹን ሁኔታ ይናገራል። ባሕሩ ከሆቴሉ ደጃፍ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ግን አይናገርም። በከተማው መሐል፣ ከባሕር በብዙ ኪሎ ሜትር የራቁ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች አሉ፤ አሸዋ ላይ የተሠሩ ባለ አራት ኮከቦችም አሉ።

ከአምስት በላይ ያለው ኮከብ ደግሞ የወሬ ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የተከፈተው፣ የጀልባ ሸራ መስሎ 321 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ አል አረብ በየአገሩ “ሰባት ኮከብ” እየተባለ ተወርቶለታል። ይህ ቅጽል በጋዜጠኛ ብዕር የተስፋፋ እንጂ ይፋ የሆነ ደረጃ አይደለም። የሆቴል ደረጃ የሚያበቃው አምስት ላይ ነው።

አሸዋውን በሚመለከት ገበያው ሦስት ዓይነት ዕቃ ያቀርባል። አንደኛው አሸዋ ላይ የቆመ ሆቴል ነው፤ እንግዳው ከአሳንሰር ወርዶ በባዶ እግሩ ባሕር ይገባል፤ አልጋውም ጃንጥላውም ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ከባሕሩ መንገድ ማዶ ያለ ነው፤ ባሕሩ ከመስኮት ይታያል፤ አሸዋው ግን የሕዝብ ነው፤ ወይም የሌላ ሆቴል ነው። ሦስተኛው ከባሕር የራቀ ሆኖ እንግዳውን በሰዓት በአውቶቡስ ወደ ባሕር የሚያመላልስ ነው። ሦስቱም በማስታወቂያ ላይ “ባሕር” የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። “ባሕር ላይ” እና “ለባሕር ቅርብ” የሚሉት አገላለጾች ግን በዋጋም በጥቅምም የሰፋ ልዩነት አላቸው።

ክፍሉም እንደዚሁ ነው። በአንድ ሆቴል ውስጥ ባሕር ሙሉ በሙሉ የሚታይበት፣ ከጎን ብቻ የሚታይበትና ፊቱን ወደ ከተማው ያዞረ ክፍል በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ። ቀኑን አሸዋ ላይ ውሎ ለመኝታ ብቻ ለሚመለስ ቤተሰብ፣ አሸዋ ላይ በቆመ ሆቴል ፊቱን ወደ ከተማ ያዞረ ክፍል መያዝ ከሁሉ የተሻለ ግዢ ሊሆን ይችላል። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ የሚቀረው ማታ በመስኮት የሚታየው ነው።

አራት ሰፈሮች፣ አራት ዓይነት ዕረፍት

የመጀመሪያው ጁመይራ ነው። የዱባይ ባሕር ዳር ሆቴል ስም ያወጣው በዚህ ሰፈር ሲሆን፣ የማዕበል ቅርጽ ያለው ጁመይራ ቢች ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1997፣ ቡርጅ አል አረብ በ1999 የተከፈቱት እዚሁ ነው። አሸዋው የተፈጥሮ ነው፤ ከተማውም በሁለቱም በኩል እኩል ይደረስበታል። ሰፈሩ ካይት ቢች የተባለውን የሕዝብ ባሕር ዳርም ይዟል፤ እዚያ ለመዋኘት መግቢያ አይከፈልም። ጉድለቱ የሜትሮው ባቡር በቅርብ አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም ነገር በታክሲ ነው።

ሁለተኛው ፓልም ጁመይራ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ ባሕር ተሞልቶ የተሠራ የዘንባባ ቅርጽ ያለው ደሴት ነው። አትላንቲስ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው በደሴቱ ጫፍ፣ ማዕበል በሚከላከለው ግማሽ ክብ ላይ ነው። እዚህ ላይ ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የግማሽ ክቡ ውጪያዊ ጎን ማዕበል የሚመታው ድንጋይ ነው። ስለዚህ የአብዛኞቹ ሆቴሎች አሸዋ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘንባባው ቅርንጫፎች ይዞራል። ውኃው የረጋ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይመቻል፤ ክፍት ባሕርና ማዕበል የሚሻ ሰው ግን የፈለገውን አያገኝም። አትላንቲስን የመሳሰሉ ሆቴሎች የውኃ መጫወቻውን መግቢያ ለእንግዶቻቸው በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ያካትታሉ። ልጆች ላሉት ሰው ይህ ተቀንሶ መታሰብ ያለበት ገንዘብ ነው። ልጅ ለሌለው ደግሞ ሳይጠቀምበት የሚከፍለው ነው።

ሦስተኛው በማሪና አጠገብ ያለው፣ በአሕጽሮት ጄ.ቢ.አር. የሚባለው ሰፈር ነው። ሆቴሎቹ፣ ሱቆቹ፣ ምግብ ቤቶቹና የሕዝቡ አሸዋ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ማታ በእግር መንሸራሸር ለሚወድ ቤተሰብ የሚስተካከለው የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ትራም ሰፈሩን ከሜትሮው ጋር ያገናኘዋል። ሜትሮው ደግሞ እስከ ዴራ ዩኒየን ጣቢያ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ክፍያውም በታክሲ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም።

አራተኛውን ብዙ ነጋዴ አያውቀውም፤ ነገር ግን ለዴራ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። ከዴራ ፊት ለፊት ባሕር ተሞልቶ የተሠሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ዱባይ አይላንድስ የተባሉት ደሴቶች ናቸው። ሪዩ የተባለው የስፔን ኩባንያ 800 ክፍል ያለው ሆቴሉን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ፣ የታይላንዱ ሴንታራ ደግሞ 607 ክፍል ያለውንና የውኃ መጫወቻ የያዘውን ሆቴሉን በ2021 ከፍተዋል። ሁለቱም አሸዋ ላይ ናቸው። የሪዩ ምግብና መጠጥ በክፍሉ ዋጋ የተጠቃለለ ነው። ቀን ናይፍ ውሎ ማታ ባሕር ዳር ለማደር የሚመች ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ሆኖም ደሴቶቹ ገና በግንባታ ላይ ያሉ በመሆናቸው በዙሪያቸው እንደ ጄ.ቢ.አር. ያለ ሞቅ ያለ መንገድ አይጠበቅም።

ባሕሩም ቦታ ይለውጣል

በሌላ አገር ሆቴል ሊታደስ ወይም ሊያረጅ ይችላል፤ ባሕሩ ግን ባለበት ይኖራል። በዱባይ ይህም የተረጋገጠ አይደለም። በዴራ ኮርኒሽ ላይ ሃያት ሪጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲከፈት ፊት ለፊቱ ሰፊው የባሕረ ሰላጤ ውኃ ነበር። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ከፊቱ ደሴት ተሞላ። በጄ.ቢ.አር. ፊት ለፊትም ብሉዋተርስ የተባለው ደሴትና ትልቁ ዞሮ መታያ መንኮራኩር ቆመዋል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ፎቶግራፍ ይዞ “ክፍት ባሕር የሚታይበት” ብሎ መክፈል አያዋጣም። ጎረቤት ቦታው ላይ ግንባታ መኖሩን፣ ሥራውም ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ በእጅ ካለ በኋላ ክፍል አስለውጦ ወይም ዋጋ አስቀንሶ ለመከራከር መነሻ ይሆናል።

የክረምት ርካሽነት

የዚህ ገበያ ዋጋ የሚከተለው የአየሩን ጠባይ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሸው ቱሪስት የሚመጣበት በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ከሁሉ ይበልጣል፤ እንደ ጋልፉድ ያሉ ትላልቅ የንግድ ትርኢቶች በሚካሄዱባቸው ቀናትም ክፍል ይወደዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ውኃውም ለብ ያለ ሳይሆን የሞቀ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት በክረምት ነው። አባት ወይም እናት ርካሹን የሐምሌ ዋጋ አይተው ደስ ይላቸውና ይከፍላሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ ልጆቹም ቀኑን የሚያሳልፉት ጣራ ባለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይህ ነው። ክፍሉ ቢረክስም ለማይረገጥ አሸዋ ተከፍሏል። በክረምት ለሚሄድ ቤተሰብ አሸዋ ላይ ካለ ሆቴል ይልቅ፣ ውኃው የሚቀዘቅዝ ገንዳና ጥላ ያለው ወይም ከገበያ አዳራሽ ጋር የተያያዘ ሆቴል ይሻለዋል።

ለአሸዋ የሚከፍል ሰው ሊያይ የሚገባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ጥድፊያ በኋላ፣ የእኛ ገና አልፎ እስከ ጥምቀት ያለው ሰሞን ነው፤ ቀኑ 24 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ዋጋውም ከታኅሣሥ ማብቂያው ቀዝቀዝ ይላል። ውኃው ግን ለልጆች ትንሽ ይበርዳል። ሁለተኛው በፋሲካችን ዙሪያ ያለው ጊዜ ነው። የአውሮፓውያኑ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ በሚውልባቸው ዓመታት የእነርሱ እንግዳ ተሸኝቶ፣ ውኃው ሞቆ፣ ሙቀቱ ገና ሳይከፋ ይገኛል።

ማስታወቂያው የማይናገረው ሂሳብ

በዱባይ የሚታየው የክፍል ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። በላዩ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላሉ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ “የቱሪዝም ድርሃም” የሚባል ክፍያ ለአንድ መኝታ ክፍል በየሌሊቱ ይጠየቃል፤ በባለ አምስት ኮከብ 20፣ በባለ አራት ኮከብ 15 ድርሃም ሆኖ ነው የተደነገገው። ይህ የመጨረሻው ክፍያ አስቀድሞ ሙሉ ዋጋ የከፈለ እንግዳም ቢሆን ብዙ ጊዜ እዚያው ሆቴል ሲደርስ የሚጠየቀው ነው።

ለስሌት ያህል አሸዋ ላይ ባለ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ ክፍያዎቹ ሳይታከሉ በሌሊት 1,000 ድርሃም የተለጠፈበት ክፍል ለስድስት ሌሊት ይያዝ። የተለጠፈው 6,000 ድርሃም ነው። የአገልግሎት ክፍያው 600፣ የማዘጋጃ ቤቱ 420፣ ክፍሉና አገልግሎቱ ላይ የሚታሰበው ታክስ 330፣ የቱሪዝም ድርሃሙ 120 ይሆናል። ድምሩ 7,470 ድርሃም ነው። ልዩነቱ 1,470 ድርሃም ወይም 400 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ገና ቁርስ አልተበላም። በባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ለአራት ሰው ቁርስ ለየብቻ መክፈል ከባድ ስለሆነ፣ ቁርስ የተካተተበት ዋጋ ከሌለው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የልጆች ዕድሜም ይጠየቅ፤ ሕፃን በነፃ የሚያድርበትና በነፃ የሚበላበት የዕድሜ ጣሪያ በየሆቴሉ ይለያያል።

አሁን ሌላው ስሌት ይታይ። በስድስቱ ቀናት ውስጥ ሦስቱን ዴራ ዕቃ ሲያይ፣ ከካርጎ ቤት ሲነጋገር የሚውል ሰው አለ። ሆቴሉ በጄ.ቢ.አር. ወይም በፓልም ከሆነ ከዴራ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የታክሲ ደርሶ መልስ ወደ 200 ድርሃም ይጠጋል፤ በመኪና መጨናነቅ ሰዓት ጊዜውም ይበላል። ለእነዚያ ሦስት ቀናት የአሸዋ ዋጋ እየተከፈለ አሸዋው አልተረገጠም።

ይህ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊት ዴራ ውስጥ 300 ድርሃም በተለጠፈበት ባለ አራት ኮከብ አድሮ ሥራውን ቢጨርስ፣ ቀሪዎቹን ሦስት ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ዳር ቢያሳልፍ፣ ክፍያዎቹ ሁሉ ታክለው ጠቅላላው 4,880 ድርሃም ገደማ ይሆናል። የሚተርፈው 2,590 ድርሃም ወይም ወደ 700 ዶላር ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም በዴራ በኩል ስለሆነ፣ ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ለሚያርፍ መንገደኛ የመጀመሪያው ማረፊያ እዚያ መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። ሆቴሎች ክፍል የሚያስረክቡት አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ደርሶ ወዲያው መተኛት የፈለገ ሰው ያለፈውን ሌሊት እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ሌሊት በ1,000 ከመክፈል በ300 መክፈል ይቀላል።

ባሕሩን ለአንድ ቀን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። ብዙ የባሕር ዳር ሆቴሎች አሸዋቸውንና ገንዳቸውን ለውጭ ሰው በቀን ክፍያ ይከፍታሉ። ከክፍያውም ከፊሉ ወይም ሁሉም ለምግብ የሚታሰብበት ጊዜ አለ። ዋጋው በሥራ ቀናት ይቀንሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ይጨምራል።

መያዣና ካርድ

ዶላሩን ከባንክ ለማግኘት ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠየቃል። በጊዜው ለግል ተጓዥ የሚፈቀደው መጠን ሆቴል ከመያዙ በፊት ከባንኩ ቢጣራ የሚመረጠውን ሆቴል ደረጃ ራሱ ይወስናል። ሆቴሎች እንግዳ ሲገባ ለተጨማሪ ወጪ መያዣ የሚሆን ገንዘብ በካርድ ላይ ያስይዛሉ። ይህ ገንዘብ ባይነካም ወደ ካርዱ እስኪመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በካርዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ለሆቴል ከታሰበ በመያዣው ምክንያት ለቤተሰቡ መንቀሳቀሻ ይጠፋል። በሌሊት ስንት እንደሚያዝና በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የካርድ ማሽኑ “በድርሃም ወይስ በካርድዎ ገንዘብ?” ብሎ ሲጠይቅ ድርሃም መምረጥ ይሻላል። ማሽኑ ራሱ የሚመነዝረው ብዙውን ጊዜ በውድ ነው።

በጉዞ ወኪል በኩል ቪዛ፣ ትኬትና ሆቴል በአንድ ጥቅል ለሚገዛ ሰው ደግሞ ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍለት፤ የክፍሉ ዓይነትና የሚያየው አቅጣጫ፣ የተካተተው ምግብ፣ ቪዛ ባይገኝ ወይም ጉዞው ቢሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ። ሲሰረዝ ምንም የማይመለስበት ዋጋ ከሌላው ይረክሳል። ቪዛው ገና በእጅ ላልገባ ሰው ግን ይህ ርካሽነት ቁማር ነው።

ዱባይ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ናሙናውን ሳያይ፣ ብዛቱን ሳይቆጥር፣ እስከ መጋዘኑ የሚያደርሰውን ወጪ ሳይጨምር ዋጋ አይቆርጥም። ባሕር ዳርም ቢሆን በዚሁ ልማድ ቢገዛ ይመረጣል። ናሙናው የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ነው፤ ብዛቱ አሸዋው ላይ በእውነት የሚዋልባቸው ቀናት ቁጥር ነው፤ ማድረሻውም በተለጠፈው ዋጋ ላይ የሚታከለው ክፍያና የታክሲ ወጪ ነው። ሦስቱ ተደምረው፣ ለእያንዳንዱ የባሕር ቀን ተካፍለው ሲታዩ፣ የትኛው ሆቴል ውድ የትኛው ርካሽ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይለያል።